ማስተካከያ፦ አንገት የሚያዞረው ሕመም የጡንቻ በሽታ አይደለም

ባለፈው ሳምንት ጎንደር አራዳ ገበያ በርበሬ ስለሚሸጡ አንዲት እናት ጽፌ ነበር። አንገታቸው ሳይወዱ ወደ ግራ ይዞራል። «የአንገት ጡንቻ በሽታ ነው፤ ታሽቶ ይለቃል» ያልኩት ስህተት ነው።

ሐኪም አይቷቸው ዲስቶኒያ (ጡንቻ ሳይወዱ እየተኮማተረ አካልን የሚያጣምም ሕመም) ብሎታል። የነርቭ ሕክምና መማሪያ መጻሕፍትና የታተሙ ጥናቶች እንደሚያስረዱት የሕመሙ መነሻ እንቅስቃሴን የሚመራው የአንጎል መረብ ነው። ጡንቻውም ቢሆን ትእዛዝ ተቀባይ ብቻ አይደለም። በውስጡ ያሉ ስሜት ተቀባዮች ምን ያህል እንደተለጠጠ በየቅጽበቱ ለአንጎል ያሳውቃሉ፤ አንጎልም ያንን እየሰማ ቀጣዩን ትእዛዝ ያስተካክላል። በዲስቶኒያ የሚዛባው አንዱ ነገር ይህ የመልስ ወሬ የሚስተናገድበት መንገድ ነው።

ፍንጩ ዓይኔ ሥር ነበር። እማማ የነጠላቸውን ጫፍ በሁለት ጣት ይዘው አገጫቸውን ነካ ሲያደርጉ አንገታቸው ቀና ይላል። ገፍተው አይደለም፣ ነካ ብቻ። እኔ ልማድ መስሎኝ አለፍኩት፤ ለካ በብዙ ሕመምተኞች ዘንድ የታወቀ ነገር ነው። ለሕክምናው የሚሰጠው የቦቱሊነም መርፌም ጡንቻ ከማላላት ሌላ ከእነዚያ ተቀባዮች የሚወጣውን መልእክት እንደሚቀንስ ጥናቶች ያመለክታሉ።

ጽሑፌን አንብበው ዘመዳቸውን ወጌሻ ዘንድ ሊወስዱ ያሰቡ ሁለት ሰዎች ጽፈውልኛል። እባካችሁ ይቅር፤ አንገትን በኃይል ማዞር ወደ አንጎል የሚሄደውን የደም ሥር ሊጎዳ ይችላል። የነርቭ ሐኪም ይያቸው። የተሳሳተውን ዓረፍተ ነገር ከቀድሞው ጽሑፍ አውጥቼዋለሁ።