የማርሚታው እምቢልታ

ድሮ መኳንንት ሲመጡ ነጋሪት ይጎሰም፣ እምቢልታ ይነፋ ነበር። ከለገጣፎ አለፍ ብሎ ባለው ሰፈራችን ይህ ወግ ጨርሶ እንዳይጠፋ የታደጉልን የጎረቤቴ ልጅ ናቸው። ዕድሜያቸው ሃያ ሁለት ነው፤ ሆኖም ክብር ከድምፅ ጋር ስለሚያድግ አንቱ ማለት ግድ ሆኖብኛል። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ከቤታቸው እስከ ኪዮስኩ ያለችውን ሁለት መቶ እርምጃ በሞተር ሳይክል ሲሄዱ፣ ሲጋራ ሊገዙ መሆኑን የማያውቅ አንድ ሰው በሰፈሩ የለም። ለመሆኑ የትኛው ደጃዝማች ነው ለአንዲት ሲጋራ ይህን ያህል ሕዝብ የቀሰቀሰው?

የመሀል ከተማ ሰው ያሳዝነኛል። የአዲስ አበባ አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. በሞተር ሳይክል ላይ ገደብ ከጣለ ወዲህ እንዲህ ያለው በረከት በዚያ በኩል ሳስቷል። እኛ የዳር ሰዎች ግን ውሃ በፈረቃ፣ መብራት እንደ ፈቃዱ፣ እምቢልታ ሳይቋረጥ እናገኛለን።

ጥበቡን በአጥሩ ቀዳዳ አይቻለሁ። ፋብሪካው ለ150 ሲሲ ሞተራቸው ያበጀውን ማርሚታ፣ ያንን የጭስ ማውጫ ድምፅ ማፈኛ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፈትተው ለዶሮዎች ቆጥ አደረጉት። ያ ምስኪን ዕቃ ሆዱ ውስጥ ክፍልፋይና ቀዳዳ ነበረው፤ ከሞተሩ እየተወረወረ የሚወጣውን የጭስ ምት እያጋጨ ያደክማል፣ ርዝመቱም ውፍረቱም ተለክቷል። እርሳቸውም ለኩ፣ በስንዝር። ከውሃ ቧንቧ የተረፈ ቱቦ ቆረጡ። ቱቦ ሲታጠፍ እንዳይጨማደድ ደረቅ አሸዋ ሞልቶ፣ አፉን ደፍኖ፣ በእሳት አግሎ ማጠፍ የሚባል የቆየ ዘዴ አለ፤ እርሱ ትዕግሥት ላላቸው ተራ ሰዎች ነው። የእኛ ሰው በጉልበታቸው ላይ አጠፉት፤ እምቢ ያለውን ቆራርጠው በየዱት።

የብየዳው ዕለትማ በዓል ነበር። መበየጃው በተነካ ቁጥር የመንደሩ አምፖል ሁሉ ይጣቀሳል፣ የባለቤቴ ምጣድ ይቀዘቅዛል። የዚያን ቀን ዕውር እንጀራ በላን፤ አንድም ዓይን አላወጣም። ቱቦው በዚንክ የተለበጠ ስለ ነበር ሲበየድ ነጭ ጭስ ተፋ፤ ይህን ጭስ የሳበ ሰው ማታውን እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል፣ እርሳቸውንም አንቀጠቀጣቸው። አክስታቸው ግን የሰው ዓይን ነው ብለው፣ ወደ እኔ ቤት እያዩ፣ አጠኗቸው። ጭስ ያመጣውን በጭስ!

ድምፅ እንዲመጥጥ ውስጡ በሚከተተው የመስታወት ጥጥ ፈንታ እርሳቸው የእናታቸውን የድስት መፈተጊያ ሽቦ አበረከቱ። ሞተሩ በሦስተኛው ቀን እያቀጣጠለ እንደ ርችት ተፋው። እናትየው አሁንም ሽቦዬን ማን ወሰደ እያሉ ይጠይቃሉ።

ምቀኛ መካኒኮች አይጠፉም። ቱቦው ከልክ በላይ ሲሰፋ ጭሱ የአወጣጥ ፍጥነቱን ያጣል፣ ካርቡሬተሩ አብሮ ካልተስተካከለ ደግሞ ነዳጁ ከአየሩ አንጻር ይሳሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል ይላሉ። እኔም አንድ ማርሚታው ያልተነካ ሞተር ኩንታል ጤፍ አዝሎ ዳገቱ ላይ በዝምታ ሲቀድማቸው አይቻለሁ። ይቅደም! መኳንንት መቼ ሮጠው ያውቃሉ?

አገራችን ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል የሚል የድምፅ ልክ አላት። ሰፈራችን ይህን ልክ በጥብቅ ታከብራለች፤ እርሳቸው ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ሞተሩ ላይ እስኪሰኩ ድረስ።

ትናንት አጥሩ ላይ ተደግፈው ጣሪያዬን ሲመለከቱ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ይህ የአሸንዳው መውረጃ ቱቦ ስንት ኢንች ነው?» አሉኝ በትሕትና።

አላውቅም አልኳቸው። ማታ ግን ተኝቼ (ተኝቼ ማለት ጋደም ብዬ ማለቴ ነው) ነገሩ ገባኝ። እምቢልታ በወጉ የሚነፋው ሦስት ሆኖ ነው። እርሳቸው አንድ አላቸው፤ የእኔ ቤት መውረጃ ሁለት ነው።