አይነኬው ፕሮግራም ዕድሜ ይስጠው

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት አለ። ስሙን አልጠራም፤ ምቀኛ ይበዛበታል። የባለጉዳይ መመዝገቢያው ቪዥዋል ቤዚክ 6 በሚባል የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ የተሠራ ነው። ቋንቋው የወጣው በ1998 እ.ኤ.አ. ሲሆን ማይክሮሶፍት በቋንቋው ፕሮግራም ለሚጻፍበት መሣሪያ የሚሰጠውን ድጋፍ በ2008 አቁሟል። ፈረንጅ ቶሎ ይሰለቸዋል። እኛ ግን ታማኞች ነን፤ "እየሠራ ነው፣ አትንኩት!" ብለናል።

ደግሞስ ምን ጎደለው? ስፕሊት የምትባል ትእዛዝ አለችው። ጽሑፉንና መለያ ምልክቱን ስትሰጧት ቆራርጣ አሬይ በሚባል፣ ቁጥር በተሰጣቸው ክፍሎች ተርታ ውስጥ ትደረድርላችኋለች፤ ቆጠራው ከ0 ይጀምራል። ባለሙያው ሙሉ ስምን በክፍት ቦታው አስቆረጠ። 0 ስም፣ 1 አባት፣ 2 አያት። አለቀ!

እንግዲህ ስማችሁ ኃይለ ማርያም፣ አባታችሁ ገብረ ሥላሴ ይሁኑ። ኃይለ ተብላችሁ ትመዘገባላችሁ። አባታችሁ ማርያም፣ አያታችሁ ገብረ። ሥላሴ 3 ቁጥር ላይ ቆመው ይቀራሉ፤ የሚጠራቸው የለም። "ልጄ፣ ማርያም እንዴት አባቴ ትሆናለች?" ብትሉ፣ "ጋሼ፣ ሲስተሙ ነው እንዲህ ያለው። ሌላ ጊዜ ስምዎን አጣብቀው ይምጡ" ትባላላችሁ። ዋሸራ ያን ሁሉ ዘመን ቅኔ ሲያዘርፍ ኖሮ እንዲህ ያለ ምስጢር አልወጣውም።

የጤፍ ሸማችም ይመርቀው። የጤፍ ዋጋ ፋይሉ በዚችው ስፕሊት የሚቆረጠው በኮማ ነዋ። ኩንታሉ 12,500 ብር ተብሎ ሲገባ 12 በዋጋው፣ 500 በብዛቱ ዓምድ ያርፋል። ኑሮ ውድነትን እንዲህ ያረከሰ ማን አለ? ኮማ ያለበትን ዋጋ በጥቅስ ምልክት እቀፉት ይላል ደንቡ። ስፕሊት ጥቅስ አታውቅም፤ ከነጥቅሱ ትሰነጥቀዋለች።

እኔን የሚያስቀናኝ ግን ዝምታው ነው። ድሮ ከአሬዩ ያለፈ ቁጥር ሲጠየቅ ፕሮግራሙ "ስህተት 9" ብሎ ቀጥ ይል ነበር። ያ ብልህ ባለሙያ "ኦን ኤረር ሪዚዩም ኔክስት" (ስህተት ቢመጣ ወደ ቀጣዩ እለፍ) የምትል መስመር አናቱ ላይ ጣፈበትና ቤቱ ሰላም ሆነ። አሁን ስህተት ሲመጣ አይቶ እንዳላየ ያልፋል። የስልክ ቁጥር ዓምዱ የጎደለበት የቢቸና ሰው፣ ከፊቱ የተመዘገበውን የደጀን ሰው ስልክ ይወርሳል። እንዲህ ያለ ዝምድና በሽማግሌም አይገኝ።

በቅርቡ ከባሕር ዳር የመጣ አዲስ ምሩቅ "ቀላል ነው፣ ላስተካክለው" አለ። አለቃው በፈገግታ ሰሙት። ልጁ አሁን ፎቶ ኮፒ ክፍል ነው።