ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ
ስለ ታዳጊዎች የእግር ኳስ ሥልጠና ካምፕ የወጣው ጽሑፍ «የካምፕ ግብዣ የሚደርሰው ተሰጥኦው ለታየለት ታዳጊ ብቻ ስለሆነ ወላጅ ክፍያውን አይሰስት» ይላል። በዚህ በፍጹም አልስማማም። እዚህ ጎንደር፣ አዘዞ ታዳጊዎችን ኳስ አሠለጥናለሁ። የአንዱ ልጅ እናት እንዲህ ያለ የካምፕ ግብዣ ደብዳቤ ይዘውልኝ መጡ። ደብዳቤው የታተመ ነው፤ የልጁ ስም ብቻ ባዶው ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ተሞልቷል። ማን እንዳየው፣ የትኛው ጨዋታ ላይ እንዳየው፣ ምን ቦታ እንደሚጫወት አንድም ቃል የለም። ልጁ በረኛ ነው። ደውለን «የበረኛ አሠልጣኝ አላችሁ ወይ?» ብንል መልስ አጣን። ሁሉም ካምፕ እንዲህ ነው አልልም። አሠልጣኙ የካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) የአሠልጣኝነት ላይሰንስ ካለው፣ ልጆቹ በዕድሜ ከተከፈሉ፣ ኳስ በበቂ ካለ፣ መጨረሻ ላይም የልጁን ጥንካሬና ድክመት በጽሑፍ ከሰጡ አቅሙ ያለው ይላክ። ከላይ በአስተያየትህ ካምፑ «ውጭ አገር የመሄድ ዕድል ይከፍታል» ያልከው ወንድሜ ግን ይህን እወቅ፦ የፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር አገር እንዲዛወር የሚፈቅደው በጣም ውስን በሆኑ ሁኔታዎች ብቻ ነው። ለ13 ዓመት ልጅ ይህን ተስፋ የሚሰጥ ሰው ካለ ጠንቀቅ በል። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ካነሳ ወዲህ የከተማችን ልጆች ለኳስ ያላቸው ፍቅር ሌላ ነው፤ ደስ ይለኛል። የሚያንገበግበኝም ለዚህ ነው። እናትየው ብሩን ከዕቁብ ሊያወጡ ነበር። በዚያ ብር ደህና ታኬታና ጓንት ገዝተውለት ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ሰፈሩ ቢሠራ መቶ እጅ ይሻለዋል።