ከራሴ ኪስ ለምበላው እራት ፈቃድ ሰጪው ማነው?

ሰሞኑን የምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ ሰርኩላር በትኗል። ለሥራ ጉዞ የወጣ ሠራተኛ ዙር በዙር የቅምሻ ሜኑ (ብዙ ዓይነት ምግብ በትንሽ በትንሹ፣ ተራ በተራ) የሚያቀርቡ ውድ ሬስቶራንቶች ውስጥ እንዳይበላ ይከለክላል። እስከዚህ ችግር የለም። አበል ጣሪያ እንዳለው ማንም ያውቃል። ያንገበገበኝ ከሥር የተጨመረው ነው፦ «ልዩነቱን ከግል ገንዘቡ ቢሸፍንም እንኳ።»

ከግል ገንዘቡ!

ስብሰባ ላይ ምክንያቱ ሲጠየቅ አንድ የፋይናንስ ኃላፊ የሰጡት መልስ ደግሞ የባሰ ነው። «ብቻውን ተቀምጦ ሦስት ሰዓት ሙሉ እራት የሚበላ ሰው ሊዝናና እንጂ ሊሠራ አልሄደም» አሉ። አንዳንዱም ራሱን ነቀነቀላቸው።

እስቲ ይህን አባባል እናገላብጠው። ሦስቱ ሰዓት የትኛው ነው? ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት። በዚያ ሰዓት ስብሰባ የለም። ቢሮው ተቆልፏል። ያው ሠራተኛ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ተጋድሞ ቻናል ሲቀያይር ቢያመሽ የሚጠይቀው የለም። ስልኩ ላይ አፍጥጦ እኩለ ሌሊት ቢያልፈው የሚጠይቀው የለም። የሚያስጠይቀው ደህና ነገር መብላቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰዓቱ ሰበብ ነው። የከነከናቸው ሰውዬው ደስ ብሎት ማምሸቱ ነው።

ብቻውን መብላቱስ ምን አጠፋ? ያው ሰው፣ እዚያው ቤት፣ ደንበኛ አስከትሎ ቢገባ «የሥራ ግብዣ» ይባላል። ሒሳቡ በመሥሪያ ቤቱ ካርድ ይከፈላል፤ ወይኑ ሳይቀር ይወራረዳል። በመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ በጅምላ ሲበላ ሥራ፣ በራሱ ገንዘብ ለብቻው ሲበላ ነውር! ይህን ስሌት የሚያስረዳኝ የሒሳብ ባለሙያ ካለ እሰማለሁ።

ለመሆኑ እንዲህ ላሉ ሬስቶራንቶች የሚሰጡት ኮከቦች ለማን የወጡ ይመስላቸዋል? ለመንገደኛ ነው። ኮከቡን የሚሰጠውን የሚሽላንን መመሪያ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1900 ያሳተሙት ጎማ አምራቾቹ ወንድማማቾች አንድሬና ኤድዋር ሚሽላን ናቸው። ያኔ በመላው ፈረንሳይ የነበረው መኪና ሦስት ሺህ እንኳ አይሞላም ነበር። ሰው ብዙ ከነዳ ጎማው ያልቃል፤ ካለቀ ሌላ ይገዛል። ስለዚህ ካርታውን፣ የጎማ አቀያየሩን፣ ነዳጅ የሚቀዳበትን፣ የሚታደርበትን አንድ ላይ ጠርዘው በነፃ አደሉ። ኮከቡ በ1926 ተጀመረ። በ1931 እስከ ሦስት ከፍ አለ፤ በ1936 ደግሞ መለኪያው ታትሞ ወጣ። ሁለት ኮከብ ማለት መንገድ ቀይረህ ብትሄድበት የማይቆጭህ፣ ሦስት ኮከብ ማለት ለእሱ ብቻ ብለህ ጉዞ ብትነሳ የሚገባው። ልብ በሉ፣ ምግቡ የተለካው በመንገድ ነው። እንግዲህ ሰውዬው መንገዱን ጨርሶ ደርሷል። ትኬቱ ተቆርጦለታል፤ ሬስቶራንቱ ካደረበት ሆቴል ማዶ ነው። በዚህ ጊዜ «እንዳትሻገር» የሚባለው በምን ሒሳብ ነው?

ዙር በዙር መብላቱም ቢሆን ከሥራ ጉዞ ጋር የተዛመደ ነው። ድሮ በፈረንሳይ ትልልቅ ግብዣዎች ላይ ብዙው ምግብ አንድ ላይ ይደረደር ነበር። ሰው በእጁ የደረሰለትን ያነሳል፤ የቀረው ይቀዘቅዛል። ምግብን ተራ በተራ፣ በትኩሱ የማቅረቡ ልማድ የሩስያውያን ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፓሪስ አስገባው የሚባለው በዚያ የሩስያ አምባሳደር የነበረው ልዑል አሌክሳንደር ኩራኪን ነው። አምባሳደር ደግሞ ምንድን ነው? ለሥራ ውጭ አገር የተላከ ሰው አይደለም እንዴ? የኛ ፋይናንስ ያኔ ኖሮ ቢሆን ሰውዬውን «ልትዝናና ነው የሄድከው» ብሎ ያስጠራው ነበር።

የሚሽላን ኮከብ ሰጪዎች ዛሬም ማንነታቸውን ሳይገልጹ ይገባሉ። ሒሳባቸውን ከፍለው ይወጣሉ። ብቻቸውን የሚበሉበት ጊዜም ብዙ ነው። ሥራቸው እሱ ነው።

እንዲህ ያለ ቤት ብቻህን ስትገባ፣ ካላቸው፣ ባንኮኒው ጋ ያስቀምጡሃል። ወጥ ቤቱ ፊት ለፊትህ ነው። ማንም ሳይጮህ ስድስት ሰሃን እኩል ሲወጣ ታያለህ። ዋናው ሼፍ የጀማሪውን እጅ በዓይኑ ብቻ ሲያርም ታያለህ። አንተ ሳትጨርስ የሚቀጥለው አይመጣም፤ ከጨረስክ ደግሞ አይዘገይም። ስለ ቡድን ሥራ በስላይድ ከተሰጡኝ ሥልጠናዎች ሁሉ ይህኛው በልጦብኛል። በዚያ ላይ በማግስቱ ስብሰባ የምገባው እንደ ሰው ሆኜ ነው። ሆቴል አልጋ ላይ ደረቅ ሳንድዊች ገምጦ ካደረው ባልደረባዬ ጋር አወዳድሩኝ።

ሁሉም ቤት ጥሩ ነው አላልኩም። ስለ አንዲት ቅጠል ዲስኩር የሚያሰማ አስተናጋጅ ገጥሞኛል፤ እሱ እስኪጨርስ ቅጠሏ ጠወለገች። ቢሆንም ገንዘቤን በማይረባ እራት ላይ ማጥፋትም የራሴ ጉዳይ ነው።

«ፎቶው ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጥቶ የመሥሪያ ቤቱ ስም ይጠፋል» የሚልም አለ። እንግዲያው ፎቶውን ከልክሉ። እራቱ ምን አደረጋችሁ?

አበሉን ቀንሱ፣ አልከራከርም። ደረሰኝ በደረሰኝ መርምሩ። ጠዋት ስብሰባ ላይ አርፍዶ የገባውን ቅጡ። ያቺን «ከግል ገንዘቡ» የምትለዋን ግን ከሰርኩላሩ አውጧት። እስክትወጣ ድረስ በሚቀጥለው ጉዞዬ ወንበሬን በስሜ አስይዛለሁ፣ በራሴ ካርድ እከፍላለሁ፣ ደረሰኙንም ለማንም አላስገባም። ሊጠይቀኝ የፈለገ በየትኛው የወጪ ርዕስ እንደሚመዘግበው አስቦበት ይምጣ።