ተከሳሹ ፊልም

«ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ድምፅ አልባ ፊልሞች ግን ነቅዘዋል። አሜሪካ በዚያ ዘመን ወደ 11 ሺህ የሚጠጉ ረጃጅም ፊልሞች ሠርታለች። ከነዚህ ውስጥ በመጀመሪያው መልካቸው የተረፉት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ይህን ያለው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ያወጣው ጥናት ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ምነው ሲባል መልሱ ሁሌም ናይትሬት ነው፤ የያኔው ፊልም የሚሠራበት ኬሚካል። የያኔው የፊልም ጥቅል እንደ ጭድ ይቀጣጠላል። ከእሳት ቢተርፍ እንኳ ቀስ በቀስ ዱቄት ይሆናል። ልክ ነው። ግን ሁሉን ነገር በኬሚካል ስናሳብብ የሰው ልጅ በነፃ ያመልጣል።

የሮበርት ጎልድስታይንን ፊልም እንውሰድ። ጎልድስታይን ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለፊልም ሠሪዎች አልባሳት የሚያቀርብ ነጋዴ ነበር። በኋላ ራሱ ፊልም ሠራ፤ «የ76 መንፈስ» አለው (76 ማለት 1776፣ አሜሪካ ነፃነቷን ያወጀችበት ዓመት ነው)። ታሪኩ አሜሪካውያን ከእንግሊዝ ነፃ ለመውጣት ያደረጉት ጦርነት ነው። ከዚህ በላይ አገር ወዳድ ርዕስ ከየት ይመጣል?

ጊዜው ግን ከዳው። ፊልሙ ለሕዝብ የቀረበው በ1917 ነው፤ አሜሪካ ከእንግሊዝ ጎን ተሰልፋ ጀርመንን መውጋት በጀመረችበት ዓመት። የትናንቱ ጠላት የዛሬ ወዳጅ ሆኗል። በፊልሙ ላይ ደግሞ የእንግሊዝ ወታደር ሕፃን በሳንጃ ወግቶ ያነሳል። ቺካጎ ላይ ሳንሱር ያዘው። ሎስ አንጀለስ ላይ መንግሥት ወረሰው።

የመዝገቡ ስም እስካሁን ያስቀኛል፦ ዩናይትድ ስቴትስ ከሳሽ፣ «የ76 መንፈስ» የተባለው ተንቀሳቃሽ ፊልም ተከሳሽ። አገር ከፊልም ጥቅል ጋር ፍርድ ቤት ቆመ! ዳኛ ቤንጃሚን ብሌድሶ ታሪኩ ውሸት ነው አላሉም። በሌላ ጊዜ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ አሁን ግን ከአጋራችን ያቃቅረናል ነው ያሉት። ቀጥሎ ጎልድስታይን ራሱ የጦርነቱን ጥረት ማደናቀፍንም በሚቀጣው የስለላ ሕግ ተከሶ 10 ዓመት እስርና 5,000 ዶላር ቅጣት ተፈረደበት። ፕሬዚዳንት ዊልሰን እስሩን ወደ 3 ዓመት ዝቅ አደረጉለት። ሰውየው ግን ከዚያ በኋላ አላንሰራራም።

ጎልድስታይን ጻድቅ ነበር እያልኩ አይደለም። የጭካኔ ትዕይንቶቹን ቆርጦ ለባለሥልጣናት ካሳየ በኋላ ለሕዝብ ሲያቀርብ መልሶ ቀጥሏቸዋል። ብልጠት መሆኑ ነው። ፊልሙም ምናልባት ተራ ነገር ይሆናል። እንዳንፈርድ ግን የለም።

እንዲህ ያለ ስም የወጣለትን ፊልም ማን ቅጂውን ያስቀምጥለታል? ያሳሰረ ጥቅል ጓዳው እንዲገኝ የሚፈልግ የሲኒማ ባለቤት አለ? ስለዚህ «የጠፉ ፊልሞች» የሚለው ዝርዝር ውስጥ ይህን በቸልተኝነት ከበሰበሱት ጋር አንድ ላይ መደርደር አይዋጥልኝም።

ደግሞ ልብ በሉ፤ ያቺን የሳንጃ ትዕይንት እኔ አላየኋትም፣ እናንተም አታዩዋትም። የነገርኳችሁ ዳኛው ከጻፉት ነው። ውሳኔያቸው የተጻፈው በወረቀት ነው፤ ዛሬም ይነበባል።