ወግ አጥባቂ ተማሪ እኛ ጋ ለምን ጠፋ?

እዚህ አሜሪካ ሴፕቴምበር 11 ሲደርስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሣሩ ላይ 2,977 ትናንሽ ባንዲራ ይተከላል። በ2001ዱ ጥቃት ለሞተው ለያንዳንዱ ሰው አንድ። የሚተክሉት ብዙ ጊዜ «ያንግ አሜሪካንስ ፎር ፍሪደም» የሚባሉት ወግ አጥባቂ ተማሪዎች ናቸው። እኛ ያን ቀን እንቁጣጣሽ ላይ ነን።

ድርጅቱ ራሱ የእንቁጣጣሽ ልጅ መሆኑን ሳውቅ ግን ሳቄ መጣ። በፈረንጅ 1960 ዘጠና ገደማ ወጣቶች ኮነቲከት ውስጥ ሻሮን በምትባል ቦታ፣ የጸሐፊው የዊልያም በክሊ ቤተሰቦች ግቢ ተሰብስበው ሰነዳቸውን ያጸደቁት በኛ መስከረም 1 ቀን 1953 ነው። ሰነዱ አንድ ገጽ ቢሆን ነው። የግል ነፃነት ይከበር፣ ገበያው ይለቀቅ፣ መንግሥት እጁን ይሰብስብ፣ ኮሙኒዝም ይሸነፍ። አለቀ። የአሜሪካ ግራ ተማሪዎች ከሁለት ዓመት በኋላ ያወጡት መግለጫ መጽሐፍ ያህላል (ግራ የትም አገር ወሬ ይወዳል መሰለኝ)።

በዚያው ታኅሣሥ እነመንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጡ። በኛው 1957 «መሬት ለአራሹ» መጣ። ከዚያ ወዲያ ካምፓሳችን ወደ ግራ እንጂ ወደ ቀኝ የዞረበትን ጊዜ አላውቅም። ፓርቲ በሌለበት አገር ተቃዋሚው የተማሪ ማኅበር ነበራ! ሥርዓቱ ይቆይ የሚል ተማሪስ ምን ሊያደርግ ይደራጃል፣ ቤተ መንግሥቱ አለለት። አፉን ከከፈተ ደግሞ «አድኃሪ» ተብሎ ቁጭ ነው።

የአሜሪካኖቹ ግን ተሸናፊ ሆነው ነው ያደጉት። በፈረንጅ 1964 ለፕሬዚዳንትነት ለተወዳደረው ወግ አጥባቂ ለጎልድዋተር ሲሮጡ ከርመው ጆንሰን ጠራርጎ አሸነፈ። አልተበተኑም። በ1969 ሴንት ሉዊስ ላይ ጉባኤ ተቀምጠው በቬትናምና በግዳጅ ውትድርና ተጣሉ፤ አንዱ የውትድርና ካርድ አንስቶ አዳራሹ መሃል ለኮሰው፣ ግርግር ሆነ፣ ቡጢም ነበር። ነፃነት ይቅደም ባዮቹ ጥለው ወጡ። በ1971 ሊበርታሪያን ፓርቲ ሲመሠረት ወደዚያ የሄዱ አሉ። የቀሩት ደግሞ ሬገንን ይዘው ጠበቁ፣ በ1980 ተሳካላቸው።

በኛ አቆጣጠር 1969 ላይ ኢሕአፓና መኢሶን ተገዳደሉ። ሁለቱም ግራ፣ ብዙዎቹም ከአንድ ካምፓስ የወጡ፤ ደርግ ደግሞ ሁለቱንም ተራ በተራ ጨረሳቸው። ከተረፉት ሽማግሌዎች ዲሲ አካባቢ ያሉ አሉ። እስከ ዛሬ አብረው ቡና የማይጠጡ አይቻለሁ።