«ስንት ያወጣል?»

ተማሪዎችን ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ጓዳ ማስገባት ደግ ሐሳብ ነው። ጓዳ ስል ጎብኚ የማይደርስበትን ማለቴ ነው፤ ግምጃ ቤቱን፣ የጥገና ክፍሉን። የሚያበሽቀኝ አንድ ጥያቄ ነው። ባለሙያዋ መሳቢያ ትስባለች፣ የተጠቀለለውን ነገር ቀስ ብላ ትፈታለች፣ ቤቱ ጸጥ ረጭ ይላል። ከኋላ አንዱ፦ «ይሄ ቢሸጥ ስንት ያወጣል?»

ሰሞኑን ይህ ጥያቄ ለሸክላ ማሰሮ ቀረበ፣ ለጦር ቀረበ፣ ኧረ ገለባ ለተሞላ ወፍ ሁሉ ቀረበ! ድሮ የወፍ ቆዳ ነፍሳት እንዳይበሉት አርሴኒክ የሚባል መርዝ ይቀባ ነበር። እስኪ ግዛውና ሳሎንህ አስቀምጠው።

የሚጠየቅ ጠፍቶ ነው? እስክሪብቶ በር ላይ ተቀምተው እርሳስ ብቻ ሲፈቀድላቸው ለምን ያለ የለም። እርሳስ ቢነካ ይለቃል፣ ቀለም ግን አንዴ ከነካ ነካ ነው። ክፍሉ ለምን እንደጨለመም አልጠየቁም። ለጨርቅና ለብራና ከ50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) በላይ ብርሃን ብዙ ነው፤ የደበዘዘ ቀለም ተመልሶ አይመጣማ። አዲስ የገባ የሱፍ ልብስ ፍሪዘር ውስጥ፣ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ ለቀናት የሚከርመውም ብሉ ከነእንቁላሉ እንዲሞት ነው። ሌባን ካሜራ ይይዘዋል፣ ብልን ማን ይይዘዋል?

«በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይባላል። ይህን ተረት ቦታው ቢሆንም ባይሆንም እጠቅሰዋለሁ፣ ስለምወደው። አሁን ግን ወርቁ በእጃችን የለም፤ በሰው እጅ ነው። ብሪቲሽ ሙዚየም ወደ 8 ሚሊዮን ዕቃ ይዞ ለሕዝብ የሚያሳየው 1 በመቶ ያህሉን ነው። ከተደበቀው ውስጥ 11 ታቦታት አሉ፣ አብዛኞቹ ከመቅደላ የተዘረፉ። ጎብኚ አያያቸውም፣ ተመራማሪ አያያቸውም፣ የሙዚየሙ ኃላፊዎች ራሳቸው እንኳ አያዩአቸውም። ታዲያ ማንም የማያየውን ነገር ሙዚየም ታቅፎ የሚቀመጠው ለምንድን ነው? «መልሱ» ሲባሉ እ.ኤ.አ. የ1963ቱን የሙዚየም ሕግ ያወጣሉ፣ ዕቃ አሳልፈን መስጠት አንችልም ይላሉ። ሲወሰድ ያልተጠቀሰ ሕግ መመለስ ሲመጣ ከየት ተገኘ? እዚህ ላይ ደሜ ይፈላል፣ ይቅርታ።

ለነገሩ ያቺ የዋጋ ጥያቄ የዛሬ ልጆች ያመጧት አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1868 የመቅደላው ዝርፊያ በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ወረደ፤ የእንግሊዝ ወታደሮች እዚያው ጨረታ አወጡበት። ከገዢዎቹ አንዱ ብሪቲሽ ሙዚየም ከጦሩ ጋር የላከው ሪቻርድ ሆልምስ ነበር። መስቀል እያነሱ፣ ብራና እያገላበጡ፣ ስንት? ስንት?

ስለ ተማሪዎቹ ነበር የጀመርኩት፣ አዎ። እነሱስ ጠይቀው ዝም ይላሉ፤ ሆልምስ ገንዘቡን ይዞ ነበር የሄደው።